የሰርቨር ሰርተፍኬት ምርጫ፦ ሲበላሽ በምን በኩል እንደሚበላሽ አይቶ መወሰን

«ነፃው ይበቃናል ወይስ እንግዛ?» የሰርተፍኬት ነገር ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። ሰርቨሩን ለሚያስተዳድረው ሰው ግን ብዙም አይረባም። በነፃ የተገኘውም ሆነ በመቶዎች ዶላር የተገዛው ሰርተፍኬት በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል ያለውን ምስጠራ አያጠነክረውም፣ አያላላውም። ያን የሚወስኑት የቲኤልኤስ (ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ስምምነት) ስሪት፣ የቁልፉ ዓይነትና ሰርቨሩ እንዲቀበላቸው የተፈቀዱለት የምስጠራ ስልቶች ናቸው። ሰርተፍኬቱ የሚመሰክረው «ይህ ቁልፍ የዚህ ዶሜይን ነው» ብሎ ነው፤ ውድ የሆኑት ላይ የድርጅቱ ስም ይታከልበታል።

ስለዚህ አማራጮቹን የምናወዳድረው በሌላ ሚዛን ነው፦ በምን መንገድ ይታደሳል? ሲበላሽስ የት ላይ ይበላሻል? ይህን ሚዛን የግድ ያደረገው የዕድሜው ማጠር ነው። ሰርተፍኬት ሰጪዎችና ብራውዘር ሠሪዎች የሚቀመጡበት ሲኤ/ብራውዘር ፎረም በኤፕሪል 2025 ባጸደቀው ውሳኔ መሠረት፣ የአንድ ይፋዊ ሰርተፍኬት ከፍተኛ ዕድሜ ከነበረበት 398 ቀን ተነስቶ ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ 200 ቀን፣ ከማርች 15 ቀን 2027 ጀምሮ 100 ቀን፣ ከማርች 15 ቀን 2029 ጀምሮ ደግሞ 47 ቀን ይሆናል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በዓመት አንዴ በእጅ መቀየር የለመደ ቢሮ በ2029 ስምንት ጊዜ ያህል ሊቀይር ነው። ያኔ ተረስቶ የሚዘጋ ገጽ መኖሩ አይቀርም።

ቸኩሎ ለመጣ አንባቢ፦ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ካላችሁ ነፃውን ሰርተፍኬት ሰጪ ሌትስ ኢንክሪፕትን በፖርት 80 ማረጋገጫ ተጠቀሙ። ብዙ ንዑስ ዶሜይን ወይም ከውጭ የማይታይ ሰርቨር ካላችሁ ያንኑ ሌትስ ኢንክሪፕት በዲኤንኤስ (በዶሜይን ስሞች መዝገብ) ማረጋገጫ። የሚገዛውን ውል ወይም መሣሪያ ሲያስገድዳችሁ ብቻ ግዙ። የተቀረው ማብራሪያ ነው።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ የሰርተፍኬቱ ችግር ነው?

ብዙ ሰው ስህተት ሲያይ አዲስ ሰርተፍኬት ለማውጣት ይሮጣል። አብዛኛውን ጊዜ አሮጌው ምንም አልሆነም።

ስህተቱ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከታየ ሰዓቱን ተመልከቱ። ይህ ችግር ኢትዮጵያ ውስጥ የራሱ መልክ አለው። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው ማሽኑን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ በአንዴ የሁሉም ድረ ገጽ ሰርተፍኬት «ገና ሥራ አልጀመረም» ተብሎ ውድቅ ይሆናል። ይህን መለየት ቀላል ነው። የሚያሳስተው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ 15:00 በማለት ፈንታ 9:00 ብሎ የሞላው ነው። ማሽኑ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ የቆዩት ድረ ገጾች ሁሉ በሰላም ይከፈታሉ፣ ዛሬ የታደሰው ብቻ ለሰዓታት እምቢ ይላል። ምክንያቱም ሌትስ ኢንክሪፕት የሰርተፍኬቱን መነሻ ወደ ኋላ የሚስበው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ የማዘርቦርዱ ሲአር2032 ባትሪ ሲሞት ሰዓቱ በየማስነሻው ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል። ሰርቨሩ ላይ ክሮኒን ወይም ሌላ የኤንቲፒ (ሰዓትን ከኔትወርክ የሚያስተካክል) አገልግሎት አስነሱ፤ በዩዲፒ ፖርት 123 ወደ ውጭ መውጣት መቻሉንም ከፋየርዎሉ ላይ አረጋግጡ።

በኮምፒውተር ክሮም የሚከፈት ገጽ በሞባይል መተግበሪያ፣ በከርል ወይም በፓይተን ፕሮግራም እምቢ ካለ የጎደለው መካከለኛው ሰርተፍኬት፣ ማለትም የእናንተን ብራውዘሩ ከሚያምነው ሥር ሰርተፍኬት ጋር የሚያገናኘው ነው። የኮምፒውተሩ ክሮም የጎደለውን ራሱ ከኢንተርኔት ፈልጎ ያመጣል፤ ፋየርፎክስም የሚታወቁትን አስቀድሞ ይዟል። ስለዚህ ባለሙያው ከጠረጴዛው ሆኖ ሲያየው ሁሉ ደህና ነው። የክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር ወደ እናንተ የሚልከው ማሳወቂያ ግን አይደርስም፤ ደንበኛው ከፍሎ ትእዛዙ «አልተከፈለም» እንዳለ ይቀራል። መፍትሔው የድር ሰርቨር ፕሮግራሙ ኤንጂንኤክስ ላይ «ሰርት» የሚባለውን ፋይል ትቶ «ፉልቼይን» የሚባለውን መጥቀስ ነው። አፓቺም ከስሪት 2.4.8 ጀምሮ ሙሉውን ሰንሰለት ከዚያው ከሰርተፍኬቱ ፋይል ያነባል፤ ለሰንሰለት የተለየው የድሮ መስመር አሁን አያስፈልግም።

ፋይሉ ታድሶ ብራውዘሩ አሮጌውን ቀን ካሳየ አገልግሎቱ እንደገና አላነበበውም። ኤንጂንኤክስ ሰርተፍኬቱን የሚያነበው ሲነሳ ወይም ሪሎድ ሲደረግ ብቻ ነው። በኦፕንኤስኤስኤል «ኤስ_ክላይንት» ከሰርቨሩ የሚወጣውን ቀን አንብቡ፣ ዲስኩ ላይ ካለው ፋይል ቀን ጋር አስተያዩ፤ ከተለያዩ ሪሎድ ይበቃል።

ስም አይገጥምም የሚለው ስህተት ሲመጣ በሰርተፍኬቱ የተጨማሪ ስሞች ዝርዝር ውስጥ የተጠራው ስም መኖሩን እዩ። ክሮም ከ2017 ጀምሮ «ኮመን ኔም» የሚለውን ቦታ ጨርሶ አያይም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዳብሊው ሦስቱ ያለበት ወይም የሌለበት ስም ነው።

ሌትስ ኢንክሪፕት በፖርት 80

ለአብዛኛው ሰው ይህ ነው ትክክለኛው። ሰርትቦት ወይም መሰል ፕሮግራም አንድ ትንሽ ፋይል ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣል፣ ሌትስ ኢንክሪፕት በፖርት 80 መጥቶ ያነበዋል፣ የ90 ቀን ሰርተፍኬት ይሰጣል። (ሌትስ ኢንክሪፕት ራሱም ይህን ዕድሜ በ2028 ወደ 45 ቀን ለማውረድ ዕቅድ ይዟል።) ሰርትቦት በኡቡንቱ ሲጫን በቀን ሁለቴ የሚነሳ የጊዜ ሥራ አብሮት ይመጣል፤ ማደስ የሚጀምረው ማብቂያው ወር ገደማ ሲቀረው ነው።

የሚወድቅባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፣ ግን ደጋግመው ይመጣሉ።

«ለደኅንነት» ብሎ ፖርት 80ን መዝጋት አንዱ ነው። አትዝጉት። ወደ 443 የሚያዞር መስመር ብቻ አስቀምጡበት፤ ማረጋገጫው መዞሪያን እስከ 10 ጊዜ ይከተላል፣ ሲደርስ የሚያገኘው ሰርተፍኬት ጊዜው ያለፈበት ቢሆን እንኳ አያስቸግረውም።

ሁለተኛው የአገር ማገጃ ነው። ከውጭ የሚመጣውን ትራፊክ ዘግቶ ከኢትዮጵያ ብቻ የሚፈቅድ ፋየርዎል ማረጋገጫውንም ይዘጋል። ሌትስ ኢንክሪፕት ከ2020 ጀምሮ በተለያዩ የዓለም ክፍሎች ካሉ ነጥቦች ነው የሚያረጋግጠው፤ አድራሻዎቹንም አያሳውቅም፣ ይቀያይራቸዋል። ስለዚህ «የእነሱን አይፒ እንፍቀድ» የሚባለው መንገድ የለም። ማገጃው የግድ ከሆነ ወደ ዲኤንኤስ ማረጋገጫ ተሻገሩ።

ሦስተኛው የተረሳ የአይፒቪ6 መዝገብ ነው። ዶሜይኑ ከድሮው አቅራቢ ወደ አዲሱ ሲዛወር የኤ መዝገቡ (የአይፒቪ4 አድራሻው) ይስተካከልና ኳድ-ኤው (የአይፒቪ6ው) እዚያው ይቀራል። ሌትስ ኢንክሪፕት አይፒቪ6 ካገኘ እሱን ያስቀድማል፤ የድሮው ሰርቨር «ፋይሉ የለም» ብሎ ይመልሳል፣ እናንተ በአይፒቪ4 ስትሞክሩ ሁሉ ይሠራል። ለግማሽ ቀን ራስ የሚያዞር ነገር ነው። የማትጠቀሙበትን ኳድ-ኤ አጥፉት።

አራተኛው ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ የሚፈነዳ ነው። ሰርተፍኬቱ መጀመሪያ ሲወጣ ኤንጂንኤክስ ገና ስላልተጫነ ሰርትቦት በ«ስታንድአሎን» ማለትም ራሱ ፖርት 80ን ይዞ ይሠራል። ዘዴው በእድሳት ፋይሉ ውስጥ ይመዘገባል። በእድሳቱ ቀን ፖርቱን ኤንጂንኤክስ ይዞታል፣ ሰርትቦት ይወድቃል፣ ማንም አያውቅም። መጀመሪያውኑ በ«ዌብሩት» ወይም በኤንጂንኤክስ ተሰኪው ያውጡት ዘንድ ለቡድናችሁ ደንብ አድርጉት። ዌብሩት ከሆነ «ዲፕሎይ ሁክ» በሚባለው ቦታ የሪሎድ ትእዛዙን ጨምሩ፤ ያለዚያ አዲሱ ፋይል ዲስክ ላይ ተቀምጦ አሮጌው ሲያገለግል ይሰነብታል።

ስትሞክሩ በዋናው ላይ አትሞክሩ። ለአንድ ስም በሰዓት ከ5 ውድቀት በላይ አይፈቀድም፤ ያንኑ የስሞች ስብስብ ደግሞ በ7 ቀን ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ማውጣት አይቻልም። ሰርተፍኬቱን ከኮንቴይነሩ ውጭ ሳያስቀምጥ ዶከርን ደጋግሞ የሚያስነሳ ሰው ይህን አጥር አንድ ቀን ከሰዓት ላይ ይገጨዋል፣ ከዚያ ለቀጣዩ አንድ ቀን ተኩል ያህል መጠበቅ ነው። «ድራይ ራን» የሚለው አማራጭ የሙከራውን አገልግሎት ስለሚጠቀም አይቆጠርም። አዲስ ሰርቨር ካዘጋጃችሁ በኋላም፣ ማዋቀሪያውን ከነካካችሁ በኋላም እሱን አስኪዱት።

በዲኤንኤስ ማረጋገጥ

እዚህ ፋይል በማስቀመጥ ፈንታ «አክሚ-ቻሌንጅ» በሚባል ስም የቲኤክስቲ (ጽሑፍ የሚይዝ የዲኤንኤስ) መዝገብ ይገባል። ሰርቨሩ ከኢንተርኔት ባይታይም ይሠራል፤ ሁሉንም ንዑስ ዶሜይን የሚሸፍነው ባለ ኮከብ ሰርተፍኬትም ከሌትስ ኢንክሪፕት የሚገኘው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ባለ ኮከቡ የሚሸፍነው አንድ ደረጃ መሆኑን አትርሱ፦ «ሱቅ.ምሳሌ.ኮም»ን ይሸፍናል፣ «ሙከራ.ሱቅ.ምሳሌ.ኮም»ን አይሸፍንም፣ ባዶውን «ምሳሌ.ኮም»ንም አይሸፍንም። ባዶውንና ባለ ኮከቡን በአንድ ላይ ስትጠይቁ በአንድ ስም ሥር ሁለት የቲኤክስቲ እሴቶች ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። በእጅ የሚሞላ ሰው ሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ ይጽፍበታል፣ ማረጋገጫውም ይወድቃል።

ዋናው ጥያቄ ግን የዲኤንኤስ አቅራቢያችሁ ፕሮግራም መዝገብ እንዲያስገባ የሚያስችል ኤፒአይ አለው ወይ ነው። ከሌለው በእጅ ማስገባት ይቻላል፣ ነገር ግን በእጅ የወጣ በራሱ አይታደስም፤ ይህ ደግሞ ከመግዛት አይሻልም። መውጫ አለው። የነጥብ ኢቲ ዶሜይናችሁም ሆነ ሌላው ባለበት ይቀመጥ፤ የ«አክሚ-ቻሌንጅ»ን ስም ብቻ በሲኔም መዝገብ ኤፒአይ ወዳለው ሌላ አቅራቢ ጠቁሙት። ሲኔሙ አንድ ጊዜ በእጅ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር የሚከናወነው በሌላኛው በኩል ነው። ይህ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው፦ ሰርቨራችሁ ላይ የሚቀመጠው የኤፒአይ ቁልፍ ዋናውን ዶሜይን መነካካት አይችልም። ሰርቨሩ ቢሰበር ሰባሪው ኢሜይላችሁን ወደ ራሱ አያዞርም።

መዝገቡ ገብቶ ማረጋገጫው ቢወድቅ ፕሮግራሙ ቸኩሏል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የጥበቃ ጊዜውን ወደ 60 ወይም 120 ሰከንድ አሳድጉት። አሁንም ካልሆነ የሲኤኤ መዝገቡን እዩ። ሲኤኤ ለዶሜይኑ ማን ሰርተፍኬት መስጠት እንደሚችል ይወስናል፣ ሰጪዎች ሁሉ ከሴፕቴምበር 2017 ጀምሮ እንዲያከብሩት ግዴታ አለባቸው። ከእናንተ በፊት የነበረው አስተዳዳሪ የሌላ ድርጅት ስም ጽፎበት ሄዶ ከሆነ ሌትስ ኢንክሪፕት አይሰጣችሁም።

የሚገዛው

የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። የጨረታ ሰነድ ወይም የባንክ ውል የድርጅቱ ስም የተረጋገጠበት ሰርተፍኬት ብሎ ከጻፈ ክርክር የለም። በራሱ ማደስ የማይችል የቆየ ሎድ ባላንሰር ወይም የኢሜይል መሣሪያም ወደዚህ ይገፋል። ሌላው ምክንያት ግን፣ «ደንበኛ ያምነናል» የሚለው፣ ቀርቷል፦ ክሮም በስሪት 77፣ ፋየርፎክስ በስሪት 70፣ ሁለቱም በ2019፣ የድርጅቱን ስም ከአድራሻው ጎን አንስተውታል። ውድ ስም የገዛ ሰው ከአደጋ ይድናል ማለትም አይደለም። ብራውዘሮች በ2018 የሲማንቴክን፣ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በኢንትረስት የሚወጡ አዳዲስ ሰርተፍኬቶችን ማመን አቁመዋል፤ ሁለቱም በክፍያ የሚሠሩ ትልልቅ ስሞች ነበሩ።

ከገዛችሁ የግል ቁልፉን እናንተው ሰርቨሩ ላይ አመንጩ። ለሻጩ የሚላከው የማመልከቻ ፋይሉ፣ ሲኤስአር የሚባለው፣ ብቻ ነው። የውጭ ምንዛሬ ካርድ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ብዙ የኢትዮጵያ ድርጅት በአገር ውስጥ ሻጭ በኩል በብር ይገዛል፤ አንዳንዱ ሻጭ ቁልፉንም ራሱ ሠርቶ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይልካል። በሌላ ሰው እጅ ያለፈ ቁልፍ የግል አይደለም። እንደዚያ ከመጣላችሁ አዲስ ቁልፍ ሠርታችሁ «ሪኢሹ» ይደረግልን (በአዲሱ ቁልፍ እንደገና ይውጣልን) በሉ፤ አብዛኞቹ ሰጪዎች ለዚህ ተጨማሪ አያስከፍሉም።

ፋይሎቹ ሲመጡ ቅደም ተከተሉ የእናንተ ሰርተፍኬት፣ ቀጥሎ መካከለኞቹ ነው፤ ሥር ሰርተፍኬቱ አይገባም። ሁለት ፋይል ስታገጣጥሙ የመጀመሪያው ፋይል መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር ከሌለ የማብቂያውና የመጀመሪያው ምልክት አንድ መስመር ላይ ይጣበቁና ኤንጂንኤክስ አልነሳም ይላል። ቁልፉ ከሰርተፍኬቱ አይገጥምም ካለ ደግሞ ከሁለቱም ይፋዊ ቁልፉን በኦፕንኤስኤስኤል አውጥታችሁ አስተያዩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሲኤስአሩ ሁለቴ ተሠርቶ የመጀመሪያው መላኩ ነው። «የሦስት ዓመት» ተብሎ የሚሸጠው የክፍያ ውል መሆኑንም እወቁ፤ ፋይሉ በየጊዜው ይቀየራል።

ክላውድፍሌርን ከፊት ማስቀመጥ

ክላውድፍሌር በጎብኚውና በሰርቨራችሁ መካከል የሚቆም አገልግሎት (ፕሮክሲ) ነው። የጎብኚው ምስጠራ እሱ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ እስከ ሰርቨራችሁ ሁለተኛ ግንኙነት አለ። ችግሩ ሁሉ ያለው በዚህ ሁለተኛው ላይ ነው። «ፍሌክሲብል» በሚባለው አሠራር ሁለተኛው ግንኙነት ምስጠራ የለውም፤ ጎብኚው ቁልፍ ምልክት እያየ የይለፍ ቃሉ ግማሽ መንገድ ራቁቱን ይሄዳል። የመግቢያ ገጽ ላለው ድረ ገጽ መመረጥ የለበትም ብለን በግልጽ እንናገራለን። ሰርቨሩ ወደ 443 የሚያዞር ከሆነ ደግሞ ማለቂያ የሌለው መዞር ይፈጠራል፣ ብራውዘሩም «ብዙ ጊዜ አዞረኝ» ይላል። «ፉል ስትሪክት» የሚለውን ምረጡ።

ለሰርቨሩ ክላውድፍሌር ራሱ እስከ 15 ዓመት የሚቆይ ሰርተፍኬት በነፃ ይሰጣል። የሚያምነው ግን ክላውድፍሌር ብቻ ነው። በጥቃት ወይም በብልሽት ቀን ፕሮክሲውን አጥፍታችሁ በቀጥታ ልታገለግሉ ብትሉ ሁሉም ብራውዘር ይከለክላል። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ የሌትስ ኢንክሪፕቱን ብታስቀምጡ ይመረጣል። ስህተት ቁጥር 526 ከመጣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ሰርተፍኬት ጊዜው አልፏል ወይም አይታመንም ማለት ነው፤ 525 ከሆነ መጨባበጡ ራሱ ወድቋል፣ ፖርት 443ንና የቲኤልኤስ ስሪቱን እዩ። ኢሜይል በዚህ ፕሮክሲ አያልፍም፤ ለኢሜይል ፕሮግራሞቹ ለፖስትፊክስና ዶቭኮት የራሳቸው ሰርተፍኬት ያስፈልጋቸዋል።

ለቢሮ ውስጥ

የሒሳብ ፕሮግራም፣ የካሜራ መቅጃ፣ የፕሪንተር ገጽ። ብዙ ቢሮ በራሱ የፈረመ ሰርተፍኬት ያስቀምጥና ሠራተኛው ማስጠንቀቂያውን እየረገጠ እንዲያልፍ ያስለምደዋል፤ ከዚያ እውነተኛው ማታለያ ሲመጣም እንዲሁ ያልፋል። የራስ ሰርተፍኬት ሰጪ አቋቁሞ ሥሩን በየማሽኑ መጫን የተሻለ ነው፣ ሥራው ግን ከሚመስለው ይበዛል። አንድሮይድ ከስሪት 7 ጀምሮ ተጠቃሚው የጫነውን ሥር መተግበሪያዎች በራሳቸው አያምኑትም፤ ጃቫ የራሱ መዝገብ አለው፤ አይፎን ከ825 ቀን በላይ የሚቆይ የሰርቨር ሰርተፍኬት አይቀበልም። የአሥር ዓመት ሰርተፍኬት የሠራ ሰው በዚህ ላይ ይደናቀፋል።

ከሃምሳ በታች ኮምፒውተር ላለው ቢሮ እኛ የምንመርጠው ሌላ ነው፦ እውነተኛ ዶሜይን፣ የውስጥ አይፒውን የሚጠቁም የኤ መዝገብ፣ በዲኤንኤስ የተረጋገጠ ሌትስ ኢንክሪፕት። ምንም የሚጫን ነገር የለም። ዋጋው ስሞቹ ማንም በሚያነበው የሰርተፍኬት ግልጽነት መዝገብ ላይ መውጣታቸው ነው፤ «ደመወዝ» የሚል ስም ለዓለም እንዳይታይ ከፈለጋችሁ ባለ ኮከቡን አውጡ።

ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዛወሩ

አሮጌውን ሳታነሱ አዲሱን አውጡ፣ በሌላ ፋይል አስቀምጡ፣ የኤንጂንኤክስን የማዋቀሪያ ፍተሻ አስኪዱ፣ ከዚያ ሪሎድ። ሪስታርት አታድርጉ፤ ማዋቀሪያው ስህተት ቢኖርበት ሪሎድ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል፣ ሪስታርት ግን ገጹን ይዘጋዋል። ከዛወራችሁ በኋላ ማብቂያውን ከውጭ ሆኖ በየቀኑ የሚያይ ትንሽ ስክሪፕት ይኑራችሁ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የማስጠንቀቂያ ኢሜይል መላክ በጁን 2025 አቁሟል። ስክሪፕቱ ማየት ያለበት ሰርቨሩ የሚያቀርበውን እንጂ ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል አይደለም። 14 ቀን ሲቀረው የሚጮህ ከሆነ በአሁኑ ዕድሜ ለመጠገን በቂ ጊዜ ይሰጣል።

የሞባይል መተግበሪያ ካላችሁ ደግሞ ከመዛወሩ በፊት ፕሮግራመሩን ጠይቁ፦ የሰርቨሩ ይፋዊ ቁልፍ በመተግበሪያው ውስጥ ተቸንክሯል ወይ (ያንን ቁልፍ ብቻ እንዲቀበል ተደርጓል ወይ)? ሰርትቦት በየእድሳቱ አዲስ ቁልፍ ይሠራል፤ ቁልፉ የተቸነከረበት መተግበሪያ በዚያው ቅጽበት ከሰርቨሩ ጋር መነጋገር ያቆማል፣ መልሶ የሚሠራውም ተጠቃሚው አዲሱን ስሪት ሲያወርድ ነው። ሰርትቦት ቁልፉን ሳይቀይር እንዲያድስ የሚያደርግ አማራጭ አለው፤ ያን አብሩ፣ መጠባበቂያ ቁልፍም አስቀድማችሁ በመተግበሪያው ውስጥ አስገቡ።